ምርቃቱ ለብቻው የተሸጠ ለት

ጠጋ በሉማ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ጌም ገዢ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ የሣጥኑን ሥዕል ያያል። ከባንኮኒው ወዲህ የቆመው ደግሞ ያ ሣጥን በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን ያያል። እኔ ወዲህ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አዲስና ያገለገለ ጌም ጎን ለጎን በሚሸጥበት ሱቅ እሠራ ነበር። የሱቁን ስም ተዉት። የጌም ሰልቫጅ ተራ በሉትና እንለፈው።

ሹክ የምላችሁ ከፖስታ ቴምብር ብዙም ስለማትበልጥ አንዲት ካርድ ነው። ኒንቴንዶ 3ዲኤስ በተባለው የእጅ ኮንሶል ላይ ትሰካለች። ስሟ «ሬዚደንት ኢቭል፦ ዘ መርሰናሪስ 3ዲ» ነው፤ ያወጣው የጃፓኑ ካፕኮም። አሜሪካ የገባችው በዚያው ዓመት በጁን ወር መጨረሻ ላይ ነበር። ሰው የዞምቢ ተኩስ ብሎ ገዛት፣ አዝኖባት ቀረ። ለምን እንዳዘነ ብዙ ተብሏል። እኔ የምነግራችሁ ከወዲህ በኩል ሲታይ የነበረውን ነው።

ነገሩን በገበያ ቋንቋ ላስረዳ። በርበሬ ስትገዙ ሻጯ ለክታ ከጨረሰች በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ማለት አለ። እሷም እያጉረመረመችም እየሳቀችም አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያቺ እፍኝ ምርቃት ናት። ከዋናው ጋር ስትመጣ ታስደስታለች፤ ለእሷ ብሎ ግን ዘንቢል ይዞ ገበያ የሚወጣ የለም።

«መርሰናሪስ» የሬዚደንት ኢቭል ተከታታይ ጌሞች ምርቃት ነበር። መጀመሪያ ብቅ ያለው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። በ2005ቱ አራተኛ ክፍልና በ2009ኙ አምስተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ፍቅሩ ጨመረ። ዋናውን ታሪክ ተሸብራችሁና አልባችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ያኔ አንድ ተጨማሪ በር ይከፈትላችኋል። ከበሩ ኋላ ታሪክ የሚባል ነገር የለም። የሚቆጥር ሰዓት አለ፣ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍ ጠላት አለ፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ አለ። እራት በልቶ ቡና እንደሚጠጣ ሰው ዘና ተብሎ ነበር የሚገባበት።

ካፕኮም ያደረገው ምን መሰላችሁ? እፍኟን ለብቻዋ በላስቲክ ቋጠራትና የኪሎ ዋጋ ለጠፈባት። አሜሪካ ውስጥ ወደ 40 ዶላር። ታሪክ የለም፤ 30 አጫጭር ተልዕኮዎች፣ 8 ተዋጊዎች። ከተልዕኮዎቹም የፊተኞቹ እንዴት እንደሚተኮስ የሚያስተምሩ ናቸው። የምትዋጉባቸው ቦታዎች ደግሞ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ክፍል የመጡ ናቸው፤ የድሮ ተጫዋች ገና ሲገባ የትኛው ቤት ጣራ ላይ መውጣት እንዳለበት ያውቃል። ጠላቶቹም የቆዩ ጎረቤቶች ናቸው። እንዲያውም ጠበቅ ካደረግነው ዞምቢም አይደሉም፤ ጥገኛ ተውሳክ አእምሯቸውን የያዘባቸው ሕያዋን ሰዎች ናቸው። የአራተኛው ክፍል «ጋናዶ» ይባላሉ፣ በስፓኒሽ ከብት ማለት ነው። የአምስተኛው፣ ኪጁጁ በተባለች የአፍሪካ የልብ ወለድ ምድር ያሉት፣ «ማጂኒ» ይባላሉ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ ከኛው ጂኒ ጋር የአንድ አረብኛ ቃል ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ፍትሕ እንዳላጓድል። ተኩሱ መጥፎ አልነበረም። በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍል መሣሪያ ያነጣጠረ ሰው እንደ ሐውልት ተገትሮ ነበር የሚተኩሰው፤ እዚህ እያነጣጠራችሁ መራመድ ትችላላችሁ። ትልቁ ወንድም ያልነበረውን እግር ትንሿ ካርድ አገኘች። ነጥብ መልቀም ለሚወድ ሰውም ጥልቀት ነበራት፤ ጠላትን በጥይት ከመጨረስ ይልቅ አደንዝዞ በእርግጫና በቡጢ መጣል ሰዓት ያስጨምራል፣ የተከታታይ ግድያውን ሰንሰለት ሳይበጥሱ መሄድ ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ሁለት ሆኖ መጫወትም ይቻላል። ማታ ሱቅ ዘግተን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንጫወት የአውቶቡሱን ሰዓት ያሳለፍንበት ቀን አለ። አይካድም።

ግን ዓይን ያለው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሩቅ ያለው ጠላት እንደ አሮጌ ፊልም እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ቀረብ ሲል ይስተካከላል። ደንበኞች «ካርዱ ተበላሽቷል ወይ?» ይሉኝ ነበር። አልተበላሸም። ይህ ኮንሶል ያለ መነጽር በጥልቀት የሚያሳይ በመሆኑ አንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ መሣል አለበት፤ አንዱን ለግራ ዓይን፣ አንዱን ለቀኝ፣ እያንዳንዱን 400 በ240 ነጥብ አድርጎ። የኪስ ማሽን ይህን ሁሉ ሲሸከም የሆነ ቦታ ላይ መቆጠብ ይመጣል። ሠሪዎቹ የቆጠቡት ከሩቁ ሰው እንቅስቃሴ ነው። ቅርብ ያለው ሊበላችሁ ነውና ሙሉ ቀለቡ ይሰጠዋል፤ ሩቅ ያለው በግማሽ ቀለብ ይራመዳል። ብልህነት ነው፤ ብልህነቱ ግን ታየ። ቤት ያፈራውን የሚያቀርብ ሰው ጉድለቱ ባይታይበት ይመርጣል።

ታዲያ ካፕኮም እፍኟን ለብቻዋ ለመሸጥ ለምን ተቻኮለ? ጊዜውን አስታውሱ። 3ዲኤስ አሜሪካ የገባው ማርች 27፣ 2011 ነው፣ በ249.99 ዶላር። በሳምንታት ውስጥ መደርደሪያችን ላይ አቧራ ይዞ ቁጭ አለ፤ ማሽኑ አለ፣ የሚጫወቱበት ነገር ግን ጥቂት ነበር። ሰው ገብቶ ስክሪኑን ያያል፣ «ዋው» ይላል፣ ይወጣል። ኦገስት 12 ላይ ዋጋው ወደ 169.99 ዶላር ወረደ። የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቆረጠ። ቀድመው በውድ ለገዙት ደግሞ 20 የድሮ ጌሞች በነጻ ተሰጣቸው፤ ይህም ምርቃት መሆኑ ነው፣ ግን የይቅርታ ምርቃት።

በዚህ ረሃብ መሃል ማንኛውም ስም ያለው ጌም እንጀራ ነው። ካፕኮም እውነተኛውን ወጥ ገና እየሠራ ነበር፤ «ሬዚደንት ኢቭል፦ ሬቨሌሽንስ» የተባለው፣ መርከብ ላይ የሚያስፈራው፣ የደረሰው በ2012 መጀመሪያ ላይ ነው። የሁለቱም አዘጋጅ ማሳቺካ ካዋታ ነው። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ የካፕኮም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ «ኤምቲ ፍሬምወርክ ሞባይል» ይሉታል። ይባስ ብሎ የሬቨሌሽንስ ቅምሻ በመርሰናሪስ ካርድ ላይ ተጭኖ መጣ። እኔ ያኔም ዛሬም የሚመስለኝ መርሰናሪስ አዲሱን ማሽን የተለማመዱባት ደብተር እንደነበረች ነው። ደብተር መኖሩ ነውር አይደለም። ደብተሩን አሽጎ በመጽሐፍ ዋጋ መሸጥ ነው የሚያስነውረው። ቅምሻዋን ብቻ ተጫውተው ዋናውን ካርድ ትንሽ ነክተው የተዉ ደንበኞች ነበሩን፤ ለምርቃቱ ምርቃት 40 ዶላር ከፈሉ ማለት ነው።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ ዋናው ሹክሹክታ እዚህ ነው።

ሰልቫጅ ተራ ሥርዓት አለው። ያገለገለ ካርድ ሲመጣ እንሰካለን፣ መሥራቱን እናያለን፣ ከዚያ የቀድሞው ባለቤት ሴቭ ያደረገውን እናጠፋለን። የማናውቀው ልጅ ስም፣ የወራት ድካም፣ በአንድ ንክኪ ይጠፋል። ከዚያ ካርዱ እንደ አዲስ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ልጅ ከዜሮ ይጀምራል።

የዚያን ዓመት ጸደይ ላይ አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች አስከትለው መጡ። ያገለገለ የመኪና ውድድር ጌም አነሡና «ልጄ፣ ትልቁ ሲጠግበው ለታናሹ እንደ አዲስ ይሆናል?» አሉኝ። «ይሆናል እትዬ፣ ይዩት» ብዬ እንዴት እንደሚጠፋ አሳየኋቸው። ፊታቸው በራ። በእሳቸው ቤት ሸሚዝም ብስክሌትም ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚወርደው፤ ጌም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አልታያቸውም። ከፍለው ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉና «ምርቃትስ?» አሉ። የስክሪን መጥረጊያ ጨርቅ መረቅኳቸው። ታናሹ ተቀበለኝ።

በጁን ወር የመርሰናሪስ ነገር ወጣ። ከካርዷ ጋር የሚመጣው መመሪያ ራሱ ጽፎታል፤ ሴቭ የተደረገው ሊጠፋ አይችልም ይላል። አንዴ ተልዕኮ ከጨረሳችሁ፣ አንዴ ተዋጊ ካስከፈታችሁ፣ ያ ሁሉ ካርዷ ውስጥ ተቀርጾ ይኖራል። ሁለተኛው ገዢ ሲከፍት በሮቹ ተከፍተው፣ ነጥቡ በሌላ ሰው ተይዞ ያገኛል። የዚህ ጌም ጣዕም ደግሞ በር ማስከፈት ነው፤ ታሪክ የለውማ! አንዳንድ ሱቆች ካርዷን ከደንበኛ መልሰው አንገዛም አሉ። ጫጫታው ከተኩሱ ድምፅ በለጠ።

ካፕኮም መልስ ሰጠ። ጌሙ ተደጋግሞ ለመጫወትና ነጥብ ለማሻሻል የተሠራ ነው፣ ውሳኔው ያገለገለ ጌም ገበያን ታስቦ አይደለም አለ። ማንም አላመነው። ጊዜው አያሳምንም ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያገለገለ የስፖርት ጌም የገዛ ሰው በኢንተርኔት ለመጫወት 10 ዶላር ይክፈል የሚል ማለፊያ ጀምሮ ነበር። ጌም አውጪዎች በሁለተኛው ሽያጭ አንዲት ሳንቲም እንደማያገኙና ይህም እንደሚያንገበግባቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ግን የኛንም ጉድ ልንገራችሁ። ከባንኮኒው ወዲህ የተቆጣነው ሁሉ ለተጫዋቹ አዝነን አልነበረም። ሱቅ ከአዲስ ጌም የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ትርፉ ከሰልቫጁ ነው፤ ልጁ ሲመልስ በርካሽ ትቀበላለህ፣ ከአዲሱ ጥቂት ዶላር ቀንሰህ ትሸጣለህ፣ ተመልሶ ከመጣም ትደግመዋለህ። የማይጠፋ ሴቭ ያለው ካርድ ይህን መንኮራኩር ያቆማል። አለቃችን በመቆርቆር ሲናገር ዓይኑ ካዝናው ላይ ነበር። እኔም ደመወዜ ከዚያው ካዝና ነበርና አጨበጨብኩ።

ታዲያ ካፕኮም ተንኮለኛ ነበር? አይመስለኝም። እኔ የምጠረጥረው መርሳትን ነው። መርሰናሪስ ትልቅ ጌም ውስጥ ሳለ ስለ ሴቭ የሚያስብለት ትልቁ ጌም ነበር፤ የትልቁ ሴቭ ሲጠፋ የእሱም አብሮ ይጠፋል። እፍኟን ከጆንያው ሲያወጧት የጆንያውን ክዳን ያመጣ አልተገኘም። በድሮው የሳንቲም ጌም ማሽን ላይም የሻምፒዮኑ ነጥብ ለሁሉ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር፤ ግን ያ ማሽን አዳራሽ ውስጥ የቆመ የጋራ ዕቃ ነው። ይህቺ ካርድ ከታላቅ ኪስ ወደ ታናሽ ኪስ የምትገባ ናት። በካፕኮም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ስለ አንደኛው ገዢ አሰቡ። ስለ ታናሹ የጠየቀ ግን የነበረ አይመስለኝም።

የኒንቴንዶ 3ዲኤስ የኢንተርኔት ሱቅ የተዘጋው ማርች 27፣ 2023 ነው፤ ማሽኑ አሜሪካ ከገባ ልክ በ12 ዓመቱ፣ በዕለቱ። ከዚያ ወዲህ መርሰናሪስን የሚፈልግ ሰው፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ሣጥን ካላጋጠመው በቀር፣ ያለው መንገድ ሰልቫጅ ብቻ ነው። ያልታሰበለት ሁለተኛ ገዢ ብቸኛው ገዢ ሆኖ ቀረ። የዚያች እናት ታናሽ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ የልጅነቱ ናፍቆት መጥቶበት ካርዷን ከሆነ ሱቅ ቢያነሣ፣ እናቱም አጠገቡ ቆመው ያንኑ «እንደ አዲስ ይሆናል?» ቢሉኝ፣ ዘንድሮ የምመልሰው ሌላ ነው።

አይሆንም፣ እትዬ። ምርቃቱን የመጀመሪያው ገዢ ወስዶታል።