ይበል ባይ ያለው ጉባኤ

ስመ ጥር ደራስያን መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፤ አወያዩ ስለ ልጅነታቸውና ስለ ሥራ ልማዳቸው ይጠይቃቸዋል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፣ መጽሐፍ ያስፈርማል፣ ይበተናል። የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል የሚባለው ነገር በብዙ አገር ይህን መልክ ይዟል። በዌልስ ጠረፍ ያለችው ትንሿ ሄይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 ጀምራ ዓለም ያወቃት በዚሁ ነው። አዲስ አበባም በራስ ሆቴል ይቀርብ በነበረው የግጥምን በጃዝ መድረክና በየጊዜው በሚከፈቱ የመጻሕፍት ዐውደ ርእዮች የራሷን ድርሻ አላት። ከዚህ ተነሥቶ ደራሲን ከአድማጭ ፊት ማቆም ከውጭ የተቀዳ ልማድ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከውጭ የመጣው ወንበሩና ቃለ መጠይቁ ብቻ ነው እላለሁ። ድርሰትን በጉባኤ ማሰማት በእኛ አገር የኅትመት ተግባር ሲያከናውን የኖረ ሥርዓት ነው። ለዚህም ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅና ጎረቤቱ አምባሰል በቂ ማስረጃ ይሰጣሉ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ ከየብስ ጋር ቢገናኝም ጥንት ደሴት ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደዚህ መጡና ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ አራቱ ወንጌል የራሳቸውን ሥዕል ይዞ እስከ ዛሬ ደርሷል። የገዳሙ አለቃም ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። ቤቱ በመጻሕፍት የከበረ ነበር ማለት ግን መጽሐፍ በየእጁ ይገኝ ነበር ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ቁም ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። እንዲህ ባለ አገር መጽሐፍ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በቅጂ ብዛት ሊሆን አይችልም። አንዱ ያነባል፣ መቶው ይሰማል። ደራሲውም ይህን አውቆ ለጆሮ ይጽፋል።

ለጆሮ መጻፍ ምን እንደሆነ ከሐይቅ ተማሪዎች አንዱ በሚገባ ያሳያል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ። ገድሉ እንደሚተርከው በተማሪ ቤት ትምህርት አልገባው ብሎ ተቸግሯል፤ እህል እየፈጨም ገዳሙን አገልግሏል። በኋላ ግን በ14ኛው መጨረሻና በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከተነሡት የግእዝ ደራስያን ሁሉ ስሙ የገነነ ሆነ። ትልቁ ሥራው መጽሐፈ ምሥጢር ጥልቅ የነገረ መለኮት ክርክር ነው፤ ነገር ግን ምዕራፎቹ በዓመቱ በዓላት እንዲነበቡ ተደልድለዋል። መናፍቅ ያላቸውን አንድ በአንድ እየጠራ የሚሟገት መጽሐፍ በበዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲሰማ ታስቦ ተጻፈ ማለት ነው። የደረሰው የሰዓታት ጸሎት ደግሞ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይቆማል፤ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ በየሌሊቱ አድማጭ የሚያገኝ ደራሲ በሌላው ዓለምም ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ይህማ ቅዳሴና አምልኮ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ ምእመን ሊጸልይ እንጂ ሊመዝን አልመጣም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ግማሹ እውነት ነው። ቅኔውን ሲያዩት ግን ነገሩ ይለወጣል። ወሎ የዋድላ ቅኔ አገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ቤት ያልመታው፣ ሰምና ወርቁ ያልተስማማው እዚያው ይወድቃል። በማኅሌት ቆሞ ሲያቀርብም ሊቃውንቱ ያዳምጣሉ፤ ምሥጢሩ ከሠመረ «ይበል!» ይላሉ፤ ካልሠመረም ዝምታቸው ይታወቃል። ቅኔ የተሰማበትን ቀንና በዓል እንዲመስል ይፈለጋል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የሚመዝን ታዳሚ የት አለ? በፌስቲቫል አዳራሽ የሚሰማው የጨዋነት ጭብጨባ ከዚህ ጋር ሲተያይ በጣም ለዘብ ያለ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለሴቶች ዝግ ነው፤ የግእዝ ትምህርትም የጥቂቶች ነበር፤ ወሎ ደግሞ የክርስቲያኑን ያህል የሙስሊሙ አገር ነው። ሆኖም ድርሰትን በጉባኤ የማሰማቱ ልማድ በገዳሙ ቅጥር አልታጠረም። የወሎ ሼሆች መንዙማቸውን በአማርኛ እየገጠሙ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ ከነዚህ አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። መንዙማው ግን በወረቀት ሳይወሰን በመውሊድና በሐድራ በድቤ ታጅቦ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ኖሯል። አምባሰልም ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል፤ በዚህ ቅኝት ዝናዋ የናኘው ማሪቱ ለገሰ ደግሞ ሴት ናት። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ታዳሚው ራሱ ስለሆነ በደራሲና በአድማጭ መካከል ያለው አጥር እዚያ ይፈርሳል። ሃይማኖቱና ዜማው ይለያያል፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፦ ድርሰቱ ይሰማል፣ ሰሚውም መልስ አለው።

ልብ ወለድስ? ልብ ወለድ ብቻን ተቀምጦ የሚነበብ ነው፣ ድምፅ አያሻውም ይባላል። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ገዝቶ ካነበበው ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ሳይበዛ አይቀርም፤ የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣም ለብዙ ሰው በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚናገረው። ግጥምም እንዲሁ ነው፤ ገጣሚው ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቀን «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ሲያሰማም፣ ያው ግጥም በደብተር ተዘግቶ ቢቀር የማያገኘውን ጉልበት አግኝቷል። ሰው በተሰበሰበበት የተሰማ ግጥም ብቻን ከተነበበው ለሥልጣን የበለጠ እንደሚያሰጋ ባለሥልጣናትም አላጡትም።

ይህ ሁሉ የዛሬውን ፌስቲቫል ለማናናቅ አይደለም፤ ደራሲን በአካል ማየትም የራሱ ደስታ አለው። ቅሬታዬ ሰዓቱ በሚደለደልበት መንገድ ላይ ነው። ደራሲው ስለ ሥራው አርባ ደቂቃ ያወራል፣ ከሥራው አምስት ደቂቃ ያነባል። በሐይቅ ከተማ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ቄሱም ሼሁም ሊቀመጥ በሚችልበት የውሃው ዳርቻ፣ እንዲህ ያለ ጉባኤ ቢዘጋጅ ድልድሉ መገልበጥ አለበት። ንባቡ ይቅደም፣ ይርዘምም። የቅኔ መምህሩና የመንዙማ አውጪው ከልብ ወለድ ደራሲው እኩል ተራ ይያዝላቸው እንጂ ለመክፈቻ ማድመቂያ አይጠሩ። ጥያቄና መልሱ ከንባቡ በኋላ፣ ያውም በተሰማው ላይ ብቻ ይሁን። ማታ ማታ ደግሞ መሰንቆ ገብቶ ታዳሚው በተራው ግጥም ይስጥ፤ ደራስያኑም ተቀምጠው ይስሙ።