ክሎሮኪንና የለስላሳ ጡንቻ ካንሰር፦ ተረትና እውነታ

ከአቀስታ ደጋ ወደ ዓባይ ቆላ ለሥራ ወርዶ ንዳድ ይዞት የተመለሰ ሰው ክሎሮኪንን ያውቀዋል። ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት ዛሬም የሚታዘዝ ነው፤ ለአዋቂ በሦስት ቀን አራት፣ አራት፣ ሁለት ክኒን። ምሬቱም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክም አይረሳም።

ተረት፦ «ወባን የፈወሰ ክኒን ካንሰርንም ይፈውሳል።»

እውነታ፦ ምርምሩ አለ፤ ፈውሱ ግን የለም። የወባ ተውሳክ ደማችንን የሚፈጨው አሲድ ባለበት ከረጢት ውስጥ ነው። ክሎሮኪን እዚያ ገብቶ ይከማችና ተውሳኩ በራሱ ምግብ ዝቃጭ ተመርዞ ይሞታል። የሰው ሴልም ያረጀ አካሉን የሚፈጭበትና መልሶ የሚጠቀምበት ተመሳሳይ ከረጢት አለው። የካንሰር ሴል ምግብ ሲያጥረው ወይም ኬሞቴራፒ ሲበረታበት በዚሁ ይተርፋል። ክሎሮኪን ይህን መውጫ ከዘጋበት ሌላው መድኃኒት ይበረታ ይሆናል የሚል ተስፋ ነው ተመራማሪዎችን ወደ ሳርኮማዎች (ከጡንቻ፣ ከአጥንትና ከመሰል አካላት ወደሚነሱ ካንሰሮች) የመራቸው። ከማኅፀን፣ ከአንጀትና ከደም ሥር ግድግዳ ለስላሳ ጡንቻ የሚነሳው ብርቅዬ ካንሰር፣ ላይዮማዮሳርኮማ፣ አንዱ ሳርኮማ ነው።

ተስፋ ግን በሰው ላይ መፈተን አለበት። በ2006 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ በ30 የአንጎል ካንሰር ሕሙማን ላይ ተደርጎ በታተመ ጥናት፣ ክሎሮኪን የወሰዱት መካከለኛ (ሚዲያን) የመኖር ጊዜ 24 ወር፣ ያልወሰዱት 11 ወር ሆነ። ያስደስታል፤ ይሁንና በዚህ ቁጥር ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በ112 የቆሽት ካንሰር ሕሙማን ላይ የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሲሞከር አንድ ዓመት የመኖር ዕድልን አልጨመረም። እነዚህ ጥናቶች የሌሎች ካንሰሮች ናቸው፤ ለላይዮማዮሳርኮማ ዋናው ሕክምና አሁንም ቀዶ ሕክምና ነው።

ተረት፦ «የድሮ መድኃኒት ነው፣ አይጎዳም።»

እውነታ፦ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል፤ ጉዳቱም አብሮ ይታወቃል። መጠኑ ትንሽ ካለፈ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል፤ ለዓመታት ከተወሰደ የዓይን ብርሃን ሊጎዳ ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ ለካንሰር ብሎ መዋጥ አደጋ ነው።

ተረት፦ «ማዮማ ያለባት ሴት ካንሰር መያዟ አይቀርም።»

እውነታ፦ ይህ ወሬ እህቶቻችንን በከንቱ ያስጨንቃል። ማዮማ ከማኅፀን ለስላሳ ጡንቻ የሚነሳ፣ እጅግ የተለመደ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው፤ ላይዮማዮሳርኮማ በአብዛኛው ከማዮማ ሳይሆን ራሱን ችሎ ይነሳል። ይሁንና ከማረጥ በኋላ ደም ከፈሰሰ ወይም እብጠቱ ካደገ ሳይዘገዩ መታየት ይገባል፤ አቀስታም ሆነ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላኩን ጠይቁ፣ ውጤቱንም በእጃችሁ ያዙ።