የመጀመሪያዎቹ ሻርኮች፦ ከጥርስና ከቅርፊት የተለቀመ ታሪክ

ሻርክ አጥንት የለውም። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው አካሉን የሚያቆመው፣ ጆሯችንን ስንዳስስ እጥፍ ዘርጋ የሚልልን ዓይነት ልም አጥንት ነው። ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፤ ልም አጥንቱም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል። ባሕር ወለል ላይ የሚቀረው ጥርሱ፣ የቆዳው ደቃቅ ቅርፊትና፣ ካለው፣ የክንፉ እሾህ ነው። የጥንት ሻርኮችን ለማጥናት የተነሣ ተመራማሪ ሙሉ እንስሳውን አንድ ቀን ሳያይ ዕድሜውን በጥርስ ለቀማ ሊፈጅ ይችላል።

ጥርሱ በእርግጥ ሞልቷል። የዛሬ ሻርክ አንዱ ሲወልቅበት ከኋላ የተሰለፈው ወደፊት እየመጣ፣ በዕድሜው በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ያራግፋል። አውሮፓውያን ድንጋይ የሆኑትን እነዚህን ጥርሶች ለዘመናት የእባብ ምላስ ናቸው ይሉ ነበር። የማልታዎቹማ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ጳውሎስ እፉኝቷን ወደ እሳት ካራገፋት በኋላ የደሴቲቱ እባቦች ምላስ ድንጋይ ሆነ ከሚል ወግ ጋር ተያይዘው፣ መርዝ ያረክሳሉ ተብለው ይፈለጉ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1666 ሊቮርኖ አጠገብ የተያዘ ትልቅ ሻርክ ጭንቅላቱ ወደ ፍሎረንስ ተላከ፤ የዴንማርኩ ተወላጅ ሐኪም ኒኮላስ ስቴኖ አፉን ከፍቶ ሲመረምር “ምላሶቹ” ምን እንደሆኑ ገባው። የማልታ ጥርሶች ግን በሻርክ ታሪክ የትናንት ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ስንጠጋ ማስረጃው እየሳሳ ይሄዳል። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሃርዲንግ በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ የሻርክ የሚመስሉ ቅርፊቶች ተገኝተዋል። የሻርክ ቅርፊት እንደ ሌላው ዓሣ ስስ ገበታ አይደለም፤ አንዷን ነጥሎ በማይክሮስኮፕ ያያት ሰው የሚያገኘው ደቃቅ ጥርስ ነው፤ የተሠራችውም ጥርስ ከሚሠራበት ነገር ነው። ችግሩ ከኮሎራዶዎቹ ቅርፊቶች ጋር የሻርክ ጥርስ አለመገኘቱ ነው። ባለቤታቸው መንጋጋ ይኑረው አይኑረው የሚነግረን ስለሌለ፣ የመጀመሪያው ሻርክ ይህ ነው ብሎ መፈረም ለእኔ ችኮላ ይመስለኛል። በ2022 ይፋ የሆኑት የቻይና ጉይዦ ግዛት ጥርሶች የተሻለ መያዣ ናቸው። ቂያኖዱስ የተባለው የዚህ ዓሣ ጥርሶች 439 ሚሊዮን ዓመት አልፏቸዋል፤ እንደ ጥቅል ተጠማዝዘው የተደረደሩ ሲሆን ጥቅሉ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም።

የካናዳው ዶሊዮደስ ታሪክ ከሁሉም ይስበኛል። ኒው ብረንስዊክ ውስጥ ጥርሶቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቁ ነበር፤ በዚያው አካባቢ የሚገኙ ሰፋፊ እሾሆች ደግሞ ሌላ ዓሣ ተብለው ሌላ ስም ወጥቶላቸው ነበር። በ1997 ከዐለቱ የአንድ እንስሳ ጭንቅላትና ትከሻ አንድ ላይ ወጣ፤ ጥናቱም በ2003 ታተመ። ዕድሜው 409 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ጥርሶቹ ገና መንጋጋው ላይ እንደተሰለፉ ናቸው፤ ከደረቱ ክንፎች ፊት ደግሞ ግራና ቀኝ እነዚያ እሾሆች ቆመዋል። ሁለት ዓሣ የተባለው አንድ ሆኖ ተገኘ! በደረት ክንፉ ፊት እንዲህ ያለ እሾህ የተሸከመ ሻርክ ዛሬ የለም፤ እሾሁ አካንቶዲያን የሚባሉት የጠፉ ዓሦች መለያ ነበር። ሻርክ 400 ሚሊዮን ዓመት ሳይለወጥ ኖረ የሚለውን የቴሌቪዥን ወሬ ዶሊዮደስን ያየ ሰው አይደግመውም።

ልም አጥንቱ ራሱ የጥንትነት ምልክት ነው ሲባል የኖረውም እየተናጋ ነው። በ2020 ይፋ የሆነው ሚንጂኒያ፣ በምዕራብ ሞንጎሊያ የተገኘ የ410 ሚሊዮን ዓመት ጋሻ ለበስ ዓሣ፣ የአንጎሉ መያዣ ውስጡ እውነተኛ አጥንት ነው። ይህ ዓሣ የሻርኮችና የባለ አጥንት ዓሦች መንገድ ከመለያየቱ በፊት ከነበረው ወገን ስለሆነ፣ የሻርክ አያቶች አጥንት ነበራቸው፣ ኋላ ጣሉት ማለት ሊሆን ይችላል።

ሥጋው ጭምር የተረፈለት ሻርክ ለማየት ኦሃዮ መሄድ ያስፈልጋል። ክሊቭላንድ ከተማ አካባቢ ያለው ጥቁር የጭቃ ዐለት ከ360 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኦክስጅን ያጠረው የባሕር ወለል ነበር። ወደዚያ የሰመጠ ሬሳ የሚቦጫጭቀው ፍጡር ስላልነበረ፣ ክላዶሴላኬ የተባለው ሻርክ ከቆዳው አሻራ፣ ከጡንቻው ክርና ከኩላሊቱ ጋር ድንጋይ ሆኗል። ርዝመቱ እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ አፉ እንደ ዛሬዎቹ ከአፍንጫ ሥር ሳይሆን ከፊት ለፊት ነው። የብዙዎቹ ሆድ ውስጥ የመጨረሻ ምሳቸው አለ፤ ዓሦቹ ሳይታኘኩ በጭራቸው በኩል ገብተዋል። አሳድዶ ከኋላ የሚይዝ ፈጣን አዳኝ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። እሱ ራሱ ግን በዚያው ባሕር ለሚኖረው ግዙፍ ጋሻ ለበስ ዓሣ፣ ለደንክሊኦስቲየስ፣ ጉርሻ ነበር ብል አላጋንንም።

ክላዶሴላኬ ከመቶ ዓመት በላይ የሻርኮች ሁሉ አባት ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት ሲሳል ኖሯል። በ1980ዎቹ አንድ የደቡብ አፍሪካ ገበሬ እርሻው ላይ ካገኘው ድንጋይ ውስጥ የ280 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ወጣ፤ ድዋይካሴላከስ ተባለ። ድንጋዩን ሳይሰብሩ በሲቲ ስካን የተመለከቱት ተመራማሪዎች በ2017 እንዳሳዩት፣ የአንጎሉና የውስጥ ጆሮው ቅርጽ የኪሜራ ነው፤ ኪሜራ ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖር የሻርክ የሩቅ ዘመድ ነው። ክላዶሴላኬ ደግሞ የዚህ የደቡብ አፍሪካው ዓሣ የቅርብ ዘመድ ስለሚመስል፣ ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ከሻርኮቹ መስመር አውጥተው ከኪሜራ ወገን ያስቀምጡታል።