በገመድ ውስጥ የሚያልፈውን ማየት፦ የሚዲ መከታተያ ፕሮግራምና የተጠቃሚዎች አስተያየት

ሁለት የሙዚቃ ኪቦርዶች በገመድ ተያይዘው የአንዱን ቁልፍ ስንጫን ከሌላው ድምፅ ይወጣል። ብዙ ሰው በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ድምፁ ራሱ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚሄደው ቁጥር ነው። «ይህ ቁልፍ በዚህን ያህል ኃይል ተመታ፤ አሁን ተለቀቀ» የሚል አጭር መልእክት ከላኪው ወደ ተቀባዩ ይደርሳል፤ ድምፁን የሚፈጥረው ተቀባዩ ነው። ቴሌግራም የላኪውን ቃል እንጂ ድምፁን ያደርስ እንዳልነበረ ሁሉ ማለት ነው።

ይህ የመልእክት ደንብ ሚዲ ይባላል። ለደንቡ መፈጠር በተለይ የደከሙት አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ናቸው። የተለያዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው ሁለት ኪቦርዶች፥ ማለትም ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6፥ በሚዲ ተገናኝተው በሕዝብ ፊት የታዩት እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ ነው።

መልእክቱ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ችግር ሲፈጠር ያለፈውን ሁሉ በተራ እየጻፈ የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ላይ ሚዲ-ኦክስ፥ በመኪንቶሽ ላይ ሚዲ ሞኒተር የሚባሉት ለዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ጽፎ ማስነሣት እምብዛም አይከብድም። ጠቃሚ እንዲሆን ማድረግ ግን ያለተጠቃሚዎች አስተያየት አይቻልም፤ በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት መሣሪያዎች ሲሆኑ፥ በተጠቃሚዎች እጅ ያለው ግን ከአርባ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ሲሠራ የኖረ ዕቃ ነውና።

መምህራን አሠራሩን ያለ ኪቦርድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሳዩ ይችላሉ። የሚከተሉት 13 ቁጥሮች በገመዱ መጡ እንበል፦ 144፣ 60፣ 100፣ 64፣ 100፣ 67፣ 100፣ 60፣ 0፣ 64፣ 0፣ 67፣ 0። ከ128 ጀምሮ ያለው ቁጥር ትእዛዝ ነው፤ ከ0 እስከ 127 ያለው ትእዛዙን የሚያብራራ መረጃ ነው። 144 «በመጀመሪያው መሥመር ድምፅ አሰማ» ማለት ሲሆን፥ ተከታዮቹ ጥንዶች የቁልፉን ቁጥርና የምቱን ኃይል ይናገራሉ። 60 ዶ፥ 64 ሚ፥ 67 ሶል ነው። እንግዲህ ሦስቱ ቁልፎች አብረው ተመቱ፤ ኋላም የምታቸው ኃይል 0 ሆኖ ተመልሰው መጡ፤ ይኸውም ተለቀቁ ማለት ነው። 144 አንድ ጊዜ ብቻ የመጣው ትእዛዙ እስካልተለወጠ ድረስ መድገም ስለማያስፈልግ ነው። ሚዲ በገመዱ በሰከንድ 31,250 ቢት ያሳልፋል። አንዱ ቁጥር ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ 3,125 ቁጥሮች ያልፋሉ። በዚህ ስሌት 13ቱ ቁጥሮች 4.16 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ። ትእዛዙ ስድስት ጊዜ ቢጻፍ ኖሮ 18 ቁጥሮች ሆነው 5.76 ሚሊሰከንድ በፈጁ ነበር።

የተጠቃሚው ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። «ቁልፉን ስለቅ ፕሮግራማችሁ ‹ድምፅ አሰማ› ብሎ ይጽፋል፤ ስሕተት ነውና አርሙልኝ» ብሎ ይጽፋል እንበል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የምት ኃይሉ 0 የሆነ «ድምፅ አሰማ» በደንቡ መሠረት መልቀቅ ነው። ሠሪው ተጠቃሚውን ደስ ለማሰኘት ጽሑፉን ወደ «ድምፅ አቁም» ሊለውጠው ይችላል። ነገር ግን «ድምፅ አቁም» የራሱ ቁጥር አለው፤ 128 ነው። በማግስቱ ሌላ ተጠቃሚ መሣሪያው የትኛውን ዓይነት መልቀቂያ እንደሚልክ ሊመረምር ቢቀመጥ ፕሮግራሙ ያልተላከውን እንደተላከ አድርጎ ይነግረዋል። መከታተያ ምስክር እንጂ አስታራቂ አይደለም። ስለዚህ «ተለቀቀ» የሚለውን ትርጉም ጽፎ፥ ከጎኑ 144፣ 60፣ 0 የሚሉትን ጥሬ ቁጥሮች እንዳሉ ማስቀመጥ ይሻላል። ቅሬታ አቅራቢው መደናገሩ እውነት ነበር፤ ያቀረበው መፍትሔ ግን አይሆንም። እንደ እኔ አስተያየት አብዛኛው ቅሬታ እንዲህ ያለ ነው።

(ትእዛዙን ያለመድገሙን ቁጠባ ራሱን በመከታተያው ላይ ለማየት የሚመኝ ተማሪ ላይሳካለት ይችላል። መልእክቱን በመጀመሪያ የሚቀበለው የኮምፒዩተሩ ሲስተም ነውና፥ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለውን ትእዛዝ ሞልቶ ለፕሮግራሙ ያቀርብለታል።)

ሌላው ቅሬታ የመጥለቅለቅ ነው። የሙዚቃውን ፍጥነት የሚያስተካክለው 248 የተባለው ምልክት በአንድ ምት 24 ጊዜ ይላካል፤ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን በሰከንድ 48 ጊዜ ማለት ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ «አለሁ» ለማለት ቢበዛ በየ300 ሚሊሰከንዱ 254 ይልካል። በዚህ ጎርፍ መካከል አንዲት ቁልፍ መፈለግ ከጤፍ ክምር መርፌ መልቀም ነው። ማጥለያ ይጨመር የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም ማጥለያው የሚሸሽገው ከዓይን ብቻ ይሁን፤ የተሸሸገውም ስንት እንደሆነ በመስኮቱ ጥግ ይቆጠር። አለዚያ ማጥለያውን ዘግቶ የረሳ ሰው ከሳምንት በኋላ «የፍጥነት ምልክቱ አይመጣም» ብሎ ይጽፋል።

ሠሪው ያላሰበውን የሚያሳስብ ጥያቄም አለ። በዝግጅት መካከል አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ቢጮህ ጥፋቱ የማን ነው? መልቀቂያው መከታተያው ዘንድ ደርሶ ከሆነ ድምፅ ሰጪውን መሣሪያ እንጠረጥራለን፤ ካልደረሰ ላኪውን ወይም ገመዱን። ይህን ለማወቅ ግን በሺህ የሚቆጠር መሥመር ወደ ኋላ ማንበብ ያስፈልጋል። «ተመትተው ገና ያልተለቀቁትን ቁልፎች ለብቻቸው ዘርዝርልኝ» የሚል ተጠቃሚ በመድረክ ላይ የተቸገረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ጥያቄውም ከብዙ ጌጣጌጥ ይበልጣል።

የስም ልዩነትም ያጣላል። ቁልፍ 60ን ያማሃ ሲ 3 ሲለው ሮላንድ ሲ 4 ይለዋል። ሁለቱም ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን በስሕተት ይከሱታል። ስሙ ይመረጥ፤ ቁጥሩ ግን ምንጊዜም አብሮ ይታይ።

«አይሠራም» የሚል ባለ አንድ ቃል ደብዳቤ ሠሪውን አይረዳውም። የቱ መሣሪያ ተያይዞ ነበር? ምን ተነካ? ምን ተጠበቀ? ምንስ ታየ? ተማሪዎች በፊዚክስ ሙከራ ዘገባ ላይ የሚጽፉት ይህንኑ አይደለምን? የመከታተያ ፕሮግራም ግን አንድ ዕድል አለው፤ ያየውን ከነሰዓቱ መዝግቦ በፋይል ማስቀመጥ ይችላል። ተጠቃሚው ፋይሉን ከላከለት ሠሪው ያንኑ ቅደም ተከተል በራሱ ክፍል አሳልፎ ጥፋቱን በዓይኑ ያየዋል፤ አርሞም በዚያው ፋይል ይፈትነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሚዲ 2.0 ጸድቋል። የምት ኃይል በ1.0 እስከ 127 ብቻ ሲሆን በአዲሱ እስከ 65,535 ይደርሳል፤ የምት ኃይል 0 የሆነ «ድምፅ አሰማ»ም በአዲሱ ደንብ መልቀቅ አይደለም። የመጀመሪያውን ቅሬታ ሰምቶ 0ን ሁሉ «ድምፅ አቁም» እያለ እንዲጽፍ የተደረገ ፕሮግራም አሁን እንደገና መፈታት አለበት።