የዕርዳታው እህል ቤት ከገባ በኋላ
በአሰቦት አካባቢ ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ቤት ንጽሕና

ድርቅ በደረሰ ቁጥር አስቀድሞ የሚታሰበው እህል ነው። ስንት ኩንታል ተጫነ፣ ስንት ኩንታል ደረሰ፣ ለስንት ሰው ታደለ የሚለው ጥያቄ የየሪፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ይይዛል። ይህም ተገቢ ነው፤ እህል በሌለበት ስለ ጤና መናገር ከንቱ ነውና። ይሁን እንጂ ጆንያው ከተፈታበት ሰዓት አንሥቶ ምግቡ ሕፃኑ አፍ እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ቢመስልም፣ የዕርዳታው ፍሬ የሚታፈሰው ወይም የሚባክነው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መንገድ ከአሰቦትና ከአካባቢዋ ኑሮ ጋር በማገናዘብ ለሥራ ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ሠራተኞች ማስረዳት ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

አሰቦት በምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ክፍል፣ በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በተዘረጋው የቀድሞው የምድር ባቡር መሥመር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟን የሚጋራው ተራራ የጥንታዊው የአሰቦት ደብረ ወገግ ሥላሴ ገዳም መቀመጫ ነው። በዙሪያዋ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄና ሰሊጥ የሚያመርተው ገበሬ ከብት፣ ፍየልና ግመል ከሚያረባው አርብቶ አደር ጋር ጎን ለጎን ይኖራል። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ወደነበረችው ወደ ጭሮ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ጫትና ቡና ይበዛል።

ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጀው የማሽላ ዓይነት የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። በመሆኑም በልጉ ከቀረ የዓመቱ ዋና ቀለብ ገና ሳይዘራ ቀረ ማለት ነው፤ ክረምቱም ካጠረ በምትኩ የተዘራው ቶሎ ደራሽ እህል ሳይቀር ይጠፋል። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ በተባለው የአየር መዛባት ምክንያት የደረሰው ይኸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ፣ ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

እንዲህ ያለው መከራ ለሐረርጌ አዲስ አይደለም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በተቋቋመበት በ1966 ዓ.ም. በሐረርጌ የሕፃናት ቁመትና ክብደት እየተለካ፣ ድርቁ በሕዝቡ አመጋገብ ላይ ያደረሰው ጉዳት ተጠንቶ ነበር። ከእንዲህ ያለው ጥናት የሚገኘው ትምህርት ዛሬም የጸና ነው፤ ይኸውም የችግር ልክ የሚታወቀው በመጋዘን ባለው እህል ብቻ ሳይሆን በልጁ አካል ላይ በሚታየው ምልክት ጭምር መሆኑ ነው።

ጣቢያው ወደ ቤት ስለ መግባቱ

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የተጎዳው ሕዝብ ዕርዳታ ለማግኘት በመጠለያ ጣቢያዎች ይሰበሰብ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ተጨናንቆ በመኖሩ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ከረሃቡ የተረፉ ብዙ ሕፃናትን ፈጁ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከድርቅ ቀበሌዎች ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር በሰፈራ ሲወሰድ፣ በዚያው ዘመንም በሐረርጌ የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ፣ ውሃና መጸዳጃ ሳይዘጋጅ ቤቶች በተጠጋጉባቸው ስፍራዎች ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። ሰው ከመስፈሩ በፊት ውሃው መገኘት እንዳለበት የታወቀው በብዙ ዋጋ ነው።

ከ1992 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ኢትዮጵያ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትን በየመኖሪያቸው ማከም ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ናት። ሌላ ሕመም የሌለበትና የምግብ ፍላጎቱ ያልጠፋ ሕፃን ለክትትል ወደ ጤና ኬላ እየተመላለሰ፣ የተዘጋጀውን አልሚ ምግብ ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ለዚህ ሥራ በየቀበሌው ሠራተኞችን አስገኝቷል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከሕክምናው ጋር አንድ ኃላፊነት አብሮ ተዛውሯል። ቀድሞ በጣቢያው ሠራተኞች ይጠበቅ የነበረው የውሃ፣ የዕቃና የእጅ ንጽሕና አሁን በጎጆው ውስጥ በእናቲቱ እጅ ወድቋል። ጣቢያው ወደ ቤት ገብቷል ማለት ይቻላል። ቤቱ ካልተሰናዳ ደግሞ ክብደቱ ተመልሶ የተሰናበተው ሕፃን ብዙም ሳይቆይ ከስቶ ይመለሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተቅማጥ የያዘው ልጅ የበላው አይረጋለትም፣ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል። የከሳ ልጅ ደግሞ በሽታን የመከላከል ኃይሉ ስለሚደክም በቀላሉ ዳግመኛ በተቅማጥ ይያዛል። ረሃብና ቆሻሻ እንዲህ እየተቀባበሉ ልጁን ያደክሙታል።

ራሽኑ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በአገራችን በድርቅ ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የተሟላ ወርኃዊ ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ይህ ለቀን ሲካፈል 500 ግራም እህል፣ 50 ግራም ጥራጥሬና 15 ግራም ዘይት ይሆናል፤ በድምሩም ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ለነፍስ ማቆያ የሚበቃ ነው።

በቤት ውስጥ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። እህሉ ለማስፈጨት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጨው፣ ሳሙናና ማገዶ ከራሽኑ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከእህሉ ጥቂቱን ሸጦ የወፍጮና የጨው መግዣ ያደርጋል። በዝርዝሩ ላይ ያልተመዘገበ ዘመድ ከመጣም ይካፈላል፤ የአገሩ ባህል እንግዳን ጦም አያሳድርምና። ጥራጥሬው ወይም ዘይቱ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ የቤቱ ምግብ እህል ብቻ ይሆናል።

ሌላው ጉድለት በዓይን የማይታይ ነው። ደረቅ ራሽን ቫይታሚን ሲ የለውም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች ይኖሩ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ድድ የሚያደማና መገጣጠሚያ የሚያሳምም ስከርቪ የተባለ በሽታ የታየው በዚሁ ምክንያት ነበር። ሰዎቹ እህል አላጡም፤ ያጡት እርጥብ ምግብ ነበር። ቫይታሚን ኤ ሲጎድልም ሕፃናት በዳፍንት ይያዛሉ፤ ኩፍኝም ይበረታባቸዋል። ስለሆነም ጎመንና የዱባ ቅጠል፣ ዱባ፣ ፓፓያና ሎሚ ከተገኙ ጥቂትም ቢሆን ሊናቁ አይገባም። የልብስና የዕቃ እጣቢ በጓሮ ለተተከለ ዱባ ቢፈስስ ለውሃ እጥረት ዘመን መልካም ዘዴ ነው። የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ በመሆኑ ለአርብቶ አደሩ ልጅ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ እንዳያመጣ አፍልቶ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ስለ ገንፎና ስለ አጥሚት

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ጭምር፣ አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመርለታል። ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤት ለሕፃን የሚሰጠው አጥሚት ከዱቄቱ ይልቅ ውሃው የበዛ ነው። የሕፃኑ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ነገር ግን የሞላው በውሃ ነው።

ለዚህ መፍትሔው በአገሩ እህል ይገኛል። ሦስት እጅ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ስንዴ ከአንድ እጅ ሽምብራ ጋር ታምሶ ቢፈጭ፣ እህሉ የጎደለውን ገንቢ ምግብ ሽምብራው ይሞላለታል። የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ለሕፃናት ያስፋፋው ፋፋ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ፣ ማለት እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ ነው። በገንፎው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም የተፈጨ ሰሊጥ ሲጨመርበት መጠኑ ሳይበዛ ኃይሉ ይጨምራል።

ገንፎው ለሕፃኑ ከበደ ከተባለ በውሃ ከማቅጠን ይልቅ ብቅል መጠቀም ይቻላል። የማሽላ ብቅል ደርቆ፣ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ በሚገባ ከተለቀመለት በኋላ ይፈጫል። ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ሲል፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርና ይማሰላል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገንፎው በራሱ ይቀጥናል፤ ከዚያም እንደገና ይፈላል። ዱቄቱ ሳይቀነስ ምግቡ ለመዋጥ ቀለለ ማለት ነው። የማሽላ ቡቃያ መርዝነት ስላለው የመለቀሙ ሥራ ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም።

ስለ እናቶችም መናገር ያስፈልጋል። በሐረርጌ ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል ከወተት ጋር የሚፈላው ሆጃ የተወደደ መጠጥ ነው። ሆኖም ሻይም ሆነ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህል ውስጥ ያለው ብረት ለደም እንዳይውል ያግዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ሆጃዋን ከምግብ ሰዓት አርቃ ብትጠጣ ይሻላል። ጫትም የብዙ ቤተሰብ ገቢ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በእርግዝና ጊዜ መቃምም ከሚወለደው ሕፃን ክብደት ማነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ምክር በቁጣ ሳይሆን በአገሩ ሽማግሌዎችና አዋላጆች አፍ ቢነገር ይበልጥ ይሰማል።

ስለ ውሃ፣ ስለ እጅና ስለ በረት

በድርቅ ጊዜ ውሃ ሲያንስ አስቀድሞ የሚቀረው መታጠብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቅ በተመቱ አካባቢዎች እከክ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነበር። በአስቸኳይ ዕርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ እንዲታሰብ የሚደረገው ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለማብሰያና ለመታጠቢያም ጭምር ነው።

ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ በቤት ውስጥ ሊበከል ይችላል። አፈ ሰፊ በሆነ ማሰሮ ውስጥ ጣሳና እጅ ሲገባበት ይውላልና። ስለዚህ አፈ ጠባብ ጀሪካን፣ ክዳኑ ያልጠፋ፣ በየጊዜው የሚታጠብ መሆን አለበት። የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ሲታደል በመመሪያው መሠረት ተጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ያሻል። መድኃኒቱ ካልተገኘ ውሃን ማፍላት፣ ማገዶም ካጠረ ጥርት ያለውን ውሃ በነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ፀሐይ በአሰቦት ቆላ አይታጣም።

እጅ መታጠብ የሚገባው ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራት በፊት፣ ከመብላትና ልጅ ከማብላት በፊት ነው። ሳሙና ከሌለ አመድ ያገለግላል። ብዙዎች የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋልና ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ መጣል አለበት። ጉድጓዱም ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ክዳንም ይኑረው።

የሐረር ሰንጋ በመላ አገሪቱ ስሙ የገነነው ገበሬው በሬውን ደጁ ላይ አስሮ የማሽላ አገዳ በእጁ እያጎረሰ ስለሚያደልበው ነው። ይህ የተመሰገነ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ እበቱና ዝንቡ በዚያው ልክ ለደጁ ቅርብ ይሆናል፤ በእጁ የሚድኸውም ሕፃን በዚሁ ላይ ይውላል። በሬውን ማራቅ ለሌባ መስጠት ነው የሚል ገበሬ ቢኖር ስጋቱ መሠረት አለው። ቢሆንም በበረቱና በማእድ ቤቱ መካከል አነስተኛ አጥር ማቆም፣ እበቱን በየዕለቱ ወደ ጉድጓድ መጥረግና ለሕፃኑ ንጹሕ ምንጣፍ መለየት በሁሉም ቤት የሚቻል ነው።

ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ምግብና ጡት አይከልከል። የሕይወት አድን ንጥር፣ ማለት ኦ.አር.ኤስ.፣ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ሳይከመር ተለክቶ፣ በጥብጦ በየጥቂቱ ማጠጣት ሕይወት ያተርፋል። ጨው ከልኩ እንዳያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከሥራ ኃላፊዎች የሚጠበቀው

እናቲቱን ስለ ንጽሕና ማስተማር ብቻውን በቂ አይደለም። ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የምትሄድ ሴት እጅ መታጠብን የምትተወው ባለማወቅ አይደለም። ስለዚህ የእህል ዕደላ ሲታቀድ ሳሙናና የወፍጮ ዋጋ አብሮ ይታሰብ፤ ጥራጥሬና ዘይት ከእህሉ ተነጥለው እንዳይዘገዩ ይጣር፤ የማከፋፈያው ቦታም ከውሃው መንገድ የራቀ አይሁን። በዕደላው ቀን ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት የላይኛው ክንድ ዙሪያ ይለካ፤ ከ12.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነው ክትትል፣ ከ11.5 በታች የሆነው ወይም ሁለቱም እግሮቹ ያበጡት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያሻዋል። ከሕክምና ለሚሰናበት ሕፃን ቤተሰብ አስቀድሞ ጀሪካን፣ ሳሙናና የመጸዳጃ ጉድጓድ መኖራቸው ይረጋገጥ።

እህሉን ከወደብ እስከ አሰቦት ለማድረስ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ይህ ሁሉ ልፋት በመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች፣ በጀሪካኑና በገንፎው ማንኪያ መካከል፣ እንዳይባክን መጠበቅ የዕርዳታው ሥራ ተጨማሪ ሳይሆን መደምደሚያው ነው።