ዱንጉርን ለባለቤቱ እንመልስለት

ከአክሱም ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጉዲት ሐውልቶች ፊት ለፊት ዱንጉር አለ። ሃምሳ ገደማ ክፍሎች ያሉት የድንጋይ ግንብ ፍርስራሽ ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆፍሮ አወጣው። የአገሬው ሰው ግን «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይለዋል፤ የእኔም ንዴት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አስጎብኚዬ አንዲት የድንጋይ ቦይ አሳየኝና «ጋሼ፣ ንግሥቲቱ ገላዋን የምትታጠበው እዚህ ነበር» አለኝ። «ልጄ፣ ይኼ የዝናብ ውኃ መውረጃ አይመስልህም?» ብለው፣ «ታዲያ በዝናብ ውኃ አይታጠቡም?» ብሎ አሳቀኝ።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ ዘመኑን እንቁጠረው። ንግሥቲቱ የጎበኘችው የንጉሥ ሰሎሞን ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነው የሚባለው። ዱንጉር የሚገመተው ደግሞ ከልደት በኋላ ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከእሷ 1500 ዓመት ያህል ይርቃል፤ ከእኛም እንዲሁ። በሁለታችን መካከል፣ መንገድ አጋማሽ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ሄልሙት ዚገርት ከሥሩ የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት አገኘሁ ብሎ ዜናው ዓለምን ቢያዳርስም፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። እንዲያውም የንጉሥ ቤት ሳይሆን የአንድ ትልቅ ባላባት መኖሪያ ነው የሚሉ አሉ። ክብረ ነገሥት የንግሥቲቱን የማክዳን ታሪክ ተርኮልናል፤ ታሪኩ እንዲከበር ይህን ግንብ ምስክር አድርጎ መጥራት አያስፈልገውም።

እኔን የሚገርመኝ ግድግዳው ነው። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፦ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዴ ወጣ፣ አንዴ ገባ ይላል። ወደ ላይም ሲሄድ በየእርከኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ውስጥ ይሸሻል። ማዕዘኑ ላይ በወጉ የተጠረበ ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ በጭቃ የተያያዘ ተራ ድንጋይ። በአክሱማውያን ግንብ እርከኖቹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ዝናቡ ጭቃውን እንዳያጥበው። ክረምትን የሚያውቅ ግንበኛ ሥራ ነው።

የላይኛው ፎቅ ምን ይመስል ነበር? በከተማው ያሉትን የአክሱምን ትልልቅ ቅርጽ ሐውልቶች ጠይቁ። ከዱንጉር ይቀድማሉ፤ ግን የዚያው አሠራር ሥዕል ናቸው። መስኮቱ፣ ከግድግዳው ብቅ የሚሉት ክብ የእንጨት ጫፎች (የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት)፣ ከታች ደግሞ በሩ ከነመዝጊያው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የእንጨቱን እውነተኛ አሠራር ማየት የፈለገ ደብረ ዳሞ ገዳም ይውጣ።

እንዲህ ያለ ቤት በቀላሉ ይጠፋል። በ1906 (እ.ኤ.አ.) የጀርመናዊው የኤኖ ሊትማን ቡድን ያጠናው፣ እዚያው አክሱም የነበረው የታዕካ ማርያም ግንብ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መንገድ ተጠረገበት፤ ዛሬ የቀረን ፕላኑ ነው። እኛስ? ግድግዳው ላይ ቆመው ፎቶ የሚነሡ፣ ለመቀመጫ ድንጋይ የሚነቅሉ ጎብኚዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሊያን በመንገድ ያደረገውን እናንተ በጫማ አትጨርሱት።

የሐውልቱ በር አይከፈትም። ዱንጉር ግን ዛሬም መግቢያ ደረጃ አለው፤ ስትሄዱ በዚያ ግቡ።