ሐኪሙ ያለውን ማን ይንገረን?

የዳላሱ ቪከሪ ሜዶ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግድነት እዚያ የሰነበተውን ላይቤሪያዊ፣ ቶማስ ኤሪክ ዳንከንን ነው። ከአፍሪካ መምጣቱን ነርሷ መዝግባ ሳለ፣ ከሰፈሩ ጎን ያለው ፕሬስባይቴሪያን ሆስፒታል አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወደ ቤቱ መለሰው። በሽታው ኢቦላ ነበር፤ ኦክቶበር 8 ቀን ሞተ።

እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በልጆቻቸው አንደበት ብቻ ከሐኪም የሚነጋገሩት እናቶቻችንስ? ያውም ሕመሙ ካንሰር ሲሆን?

የአገራችን ልማድ የታወቀ ነው። መርዶው ለቤተሰብ ይነገራል፤ ሕመምተኛዋ «ትንሽ እብጠት ናት» ትባላለች። መንግሥትም ያው ነው፤ አቶ መለስ ዜናዊ በኦገስት 2012 ብራስልስ ላይ እስኪሞቱ ድረስ ሕዝቡ የሕመማቸውን ምንነት አልተነገረውም። ይሁንና ልማዱን የኋላ ቀርነት ምልክት ለማድረግ አንቸኩልም። አሜሪካ ውስጥ በ1961 በወጣ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ለካንሰር ሕሙማን አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ።

ዛሬ ሐኪሙ ፊት ለፊት ይናገራል፤ መሐል የተቀመጠው ልጅ ግን ያለሳልሰዋል፣ አንዳንዴም ይውጠዋል። እናት ፀጉራቸው መርገፍ ሲጀምር ይገባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ልጁም ሐኪሙም አይታመኑም፤ መድኃኒቱም ይጠረጠራል።

ቋንቋችንም ወጥመድ አለው። ነቀርሳ ካንሰር ነው፤ «ሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው። የሳንባ ካንሰርን ቃል በቃል የተረጎመ ዘመድ፣ ሰውየውን ሌላ በሽታ አሸክሞ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ኤች አይ ቪ የተገኘበት መስሎት የሚደነግጥም አይጠፋም።

ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግም ይህንኑ አጠናክሮታል። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም ክልክል ነው። አስተርጓሚው በአካል ባይገኝ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይመጣል።

«ታዲያ እናታችን ማወቅ ባይፈልጉስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መብታቸው ነው። «ውጤቱን ለልጄ ንገሩልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ሐኪሙም ያከብረዋል። ነገር ግን ይህን የሚሉት ልጆቻቸው ሳይሆኑ እሳቸው ራሳቸው፣ በአስተርጓሚ በኩል፣ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት መሆን አለበት። ቀጠሮ ለማስያዝ ሲደወል «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብሎ ማስመዝገብ ነው።